በላዩ ቀለም ስለ ተደረበበት የጀርመን የብረት ቆብ



በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደር የደፋው የብረት ቆብ ወደ ሙዚየም ሲገባ ብዙ ጊዜ ሁለት ዕድሜ ይዞ ይገባል። አንደኛው የብረቱ ዕድሜ ነው፤ ሁለተኛው የቀለሙ። ቆቡ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በበላይ ትእዛዝ፣ በጦር ሜዳ በወታደሩ በራሱ እጅ፣ ከሰላም በኋላ በሌላ አገር ሠራዊት ወይም በፊልም ሠሪዎች፣ በመጨረሻም በአታላይ ነጋዴ ሊቀባ ይችላል። ስለዚህ የመርማሪው ጥያቄ «ቀለሙ የፋብሪካው ነውን?» በሚል ብቻ አይወሰንም። ማን፣ መቼና ለምን እንደ ቀባው መጠየቅ አለበት። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምርመራው ከብረቱ ቢጀምር ይሻላል፤ ብረት እንደ ቀለም በቀላሉ አይዋሽምና። በሐኖቨር የቴክኒክ ተቋም ያስተምር የነበረው ፍሪድሪኽ ሽቬርድ የነደፈው የ1916ቱ ቆብ የኋለኞቹ ሁሉ አባት ነው። የ1935ቱ ሞዴል ከእርሱ ያነሰ ሲሆን፣ በሁለቱ ጎኖቹ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች ለብቻቸው የተሠሩ ትናንሽ የብረት ቀለበቶች የገቡባቸው ናቸው። በ1940 ሥራውን ለማቅለል ሲባል የቀዳዳው ከንፈር ከራሱ ከቆቡ ብረት ተጨፍልቆ እንዲወጣ ተደረገ። በ1942 ደግሞ ወደ ውስጥ ይታጠፍ የነበረው የቆቡ ጠርዝ ሳይታጠፍ እንደ ተቆረጠ ቀረ። እነዚህን ሦስት ነገሮች ጣት በመዳሰስ ብቻ ይለያቸዋል። በቆቡ ውስጥ የሠሪው ምልክትና የመጠኑ ቁጥር ተመትተው ይገኛሉ፤ ለምሳሌ «ኩ» የተባለው የላቲን ፊደል የኤስሊንገኑን የኩዊስት ፋብሪካ ያመለክታል። ቁጥሩ 64 ከሆነ ገበሩ 56 ወይም 57 ለሆነ ራስ የተሠራ መሆን ይገባዋል። የብረቱ ቁጥርና የገበሩ ቁጥር ካልተስማሙ፣ ገበሩ በአንድ ወቅት ወጥቶ በሌላ ተተክቷል ማለት ነው።

ብረቱ ከታወቀ በኋላ ቀለሙ ይመሰክር። በ1940 መጋቢት ወር በወጣ ትእዛዝ፣ በምድር ጦር ቆብ ቀኝ ጎን ይለጠፍ የነበረው ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ጋሻ እንዲነሣ፣ ለስላሳው አረንጓዴ ቀለምም በማያብረቀርቅ ሻካራ ግራጫ እንዲተካ ተደረገ። በ1943 ነሐሴ የግራው ንስርም ቀረ። እንግዲህ ጠርዙ ያልታጠፈ የ1942 ሞዴል የምድር ጦር ቆብ ባለ ሦስት ቀለሙን ጋሻ ለጥፎ ለሽያጭ ቢቀርብ፣ ጋሻው በትእዛዝ ከተነሣ ከሁለት ዓመት በኋላ የተሠራ ብረት ያንኑ ጋሻ እንዴት ሊሸከም ቻለ? እዚህ ላይ አጉሊ መነጽር እንኳ ማውጣት አያስፈልግም። ፖሊስ የራሱ ዓርማዎች ስለ ነበሩት ይህ መለኪያ ለእርሱ አይሠራም።

ይኸው ትእዛዝ እውነተኛ ድርብ ቀለም ያላቸውን ብዙ ቆቦችም አትርፎልናል። የ1935ቱ ቆብ ከነአሮጌ ቀለሙ በግራጫ ሲቀባ፣ ጥንቁቅ እጅ ንስሩን ላለመንካት በዙሪያው ብሩሹን እያዞረ አልፏል። ጋሻው አንዳንዴ ተፍቋል፤ አንዳንዴ ግን ተሸፍኖ ብቻ ቀርቷል። መብራት ከጎን ተጋድሞ እንዲበራበት ሲደረግ የተሸፈነው ጋሻ ጠርዝ ከግራጫው ሥር እንደ ጠባሳ ብቅ ይላል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ቆቦችም አዲስ ገበርና አዲስ ቀለም ተሰጥቷቸው እንደ ገና ለአገልግሎት ውለዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የጦር ሜዳው ቅብ ነው። ለአፍሪካ በረሃ የአሸዋ መልክ፣ ለሩሲያ በረዶ ነጭ ኖራ፣ በ1944 በኖርማንዲ የተቀላቀለ የቅጠልና የአፈር ቀለም፤ ሁሉም እውነት ነበሩ፣ ሁሉም ዛሬ ይመሰላሉ። መልኩ ራሱ ምንም አያረጋግጥም። ፍርዱ ቀለሙ ከጎረቤቶቹ ጋር ካለው ግንኙነት ይገኛል። የቸኮለ ወታደር ገበሩን ሳያወጣ ስለሚቀባ ቀለሙ በሦስቱ ሪቬቶች ራስ ላይ ያልፋል፤ የቆዳውን ዳርም ይነካል። ኖራው ቶሎ ስለሚራገፍ በሪቬቶቹ ዙሪያና በቀዳዳዎቹ ከንፈር ተወሽቆ ይቀራል። ከቅቡ በፊት የደረሰ ስርጉድ ውስጡ ቀለም አለበት፤ በኋላ የደረሰው ግን ቀለሙን ሰንጥቆታል። በአገልግሎት የመጣ መፋቅ በጠርዙና በአናቱ፣ ቆቡ መሬት በሚነካበት ቦታ ይበዛል፤ የብርጭቆ ወረቀት ያመጣው መፋቅ ግን መስመሩ አንድ አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል። ዓርማውን በተመለከተ ደግሞ ጭረትን መከተል ይበቃል። እውነተኛ አሮጌ ጭረት ቀለሙንና ዓርማውን አብሮ ይቆርጣል። ጭረቱ እስከ ዓርማው ደርሶ ከሥሩ ከገባ፣ ዓርማው የተለጠፈው ቆቡ ካረጀ በኋላ ነው።

ከ1945 በኋላ የተቀባ ሁሉ የሐሰት ሥራ አይደለም። ኖርዌይ ጀርመኖች ጥለዋቸው የሄዱትን ቆቦች ቀብታ ለራሷ ሠራዊት አውላለች። በተራበችው ጀርመንም ቆቦች ተበስተው፣ እጀታ ተበጅቶላቸው የወጥ ቤት ማጥለያ ሆነዋል። ታሪክን ለሚያስተምር ሙዚየም እንዲህ ያለው ማጥለያ የጥፍር ያህል ጭረት ከሌለው ቆብ ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ ሰብሳቢዎች ግን ገና አልተሻሙበትም።

ገንዘብ የሚፈስሰው ወደ ሌላ በኩል ነው። የኤስ ኤስ ወይም የፓራሹት ጦር ምልክት የቆቡን ዋጋ እጅግ ከፍ ስለሚያደርግ፣ አታላዩ የተራ እግረኛ ቆብ ገዝቶ በላዩ ይቀባል። ብረቱ እውነተኛ፣ ገበሩ እውነተኛ፣ ቁጥሮቹም የሚስማሙ ናቸው፤ ውሸቱ ከወረቀት በቀጠነ ሽፋን ላይ ብቻ ያርፋል። በዚህ ሥራ የሚጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም። ስሙ ያልታወቀው እግረኛ ትቶት ያለፈው ምልክት ከሥሩ ተቀብሯል፤ አንዳንዴም አስቀድሞ ተፍቋል።

ቤተ ሙከራ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ብቻውን ግን ዳኛ አይሆንም። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ደምቆ የሚያበራ ዓርማ ያጠራጥራል፤ አለማብራቱ ግን ምንም አያረጋግጥም። በኤክስሬይ መሣሪያ ቲታኒየም መገኘቱም ብቻውን አይበቃም፤ የቲታኒየም ነጭ ቀለም ከጦርነቱ በፊትም ይታወቅ ነበርና። ጥያቄ የሚያስነሣው ይኸው ቀለም በስፋት የተሠራጨው ከጦርነቱ በኋላ በሆነው ሩታይል በተባለው የክሪስታል ዓይነቱ ሲገኝ ነው፤ ይህንንም የራማን ምርመራ ይለየዋል። የ1941 ክረምት ነው የተባለው ነጭ ቅብ ማያያዣው በውሃ የሚበጠበጥ አክሪሊክ ሆኖ ከተገኘ ግን ነገሩ አልቋል፤ ይህ የቀለም ዓይነት ገበያ የወጣው በ1950ዎቹ ዓመታት ነውና።

ነጋዴዎች የሚወዱት የአሴቶን ፈተና በሙዚየም ውስጥ ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም። አዲሱን ቀለም እንደሚያነሣ ሁሉ የእውነተኛውንም ዓርማ ቫርኒሽ ያነሣልና። ከግራጫው ሥር የተሸፈነውን ጋሻ ለማየት ግራጫውን መፋቅም እንዲሁ ጥፋት ነው። ግራጫው የ1940ው ትእዛዝ በአንድ ሰው ራስ ላይ መፈጸሙን የሚያሳይ ምስክር ነው፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም። ናሙና የግድ ካስፈለገ ከመርፌ ራስ የማይበልጥ ቅንጣት፣ ቀድሞ ከተላጠ ቦታ ዳር ወይም ከገበሩ ሥር ይወሰዳል። ቅንጣቱም በጎኑ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሽፋኖቹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተራ በተራ ይቆጠራሉ፤ በሁለት ሽፋኖች መካከል ያለ ዝገትና አቧራም በመካከላቸው ዘመን ማለፉን ያሳያል።

በመዝገቡ ካርድ ላይ «ኦሪጅናል» የምትለው ቃል ባትጻፍ ይመረጣል። ብረቱ ለብቻው፣ ገበሩ ለብቻው፣ እያንዳንዱም የቀለም ሽፋን ለብቻው ከነማስረጃው ይመዝገብ። ዘመኑ ያልታወቀው ሽፋን «ዘመኑ አልታወቀም» ተብሎ ይጻፍ፤ ሻጩ የነገረው ታሪክም የሻጩ ቃል መሆኑ ተገልጾ በካርዱ ጀርባ ይስፈር።