ሳይታመሙ መመርመር፦ አባል ገበሬው በጤና ጣቢያ ምን ይጠብቀዋል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለጠቅላላ ጉባኤው የቀረበ ንግግር)





በዚህ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አቅርቦት፣ ስለ ገበያ ትስስር፣ ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ተነግሯል። ይህ ንግግር የሚመለከተው ማዳበሪያውን የሚበትነውን፣ ዘሩን የሚዘራውን፣ ኩንታሉን የሚሸከመውን ሰው ጤንነት ነው።

ገበሬ በሬውን ሳይታመም ያያል። የእርሻ ወቅት ከመድረሱ በፊት ሰኮናውን ያነሳል፣ ጥርሱን ይመለከታል፣ ቀንበር የላጠውን ጫንቃ ያክማል። የአባ ሰንጋ ክትባት መጣ ሲባል በሬው ጤነኛ ነው ብሎ ቤት የሚያስቀረው የለም። ያው ገበሬ ራሱ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ በቃሬዛ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚሰጠው ምክንያትም "ምን ሆኜ?" የሚል ነው።

ችግሩ ብዙዎቹ አደገኛ በሽታዎች ሲጀምሩ ምንም የማያሳምሙ መሆናቸው ነው። የደም ግፊት አያሳክክም፣ አያስልም። ስኳር በሽታ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። የማኅፀን በር ካንሰርና ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታም እንደዚሁ ናቸው። የደም ግፊት የከተማ ሰው በሽታ ነው የሚለው አነጋገርም ትክክል አይደለም፤ በገጠርም አለ፤ የሚለየው በገጠር የሚለካው ሰው ማነሱ ነው። አንድ የቤተሰብ ኃላፊ በስትሮክ ግማሽ አካሉ ሲሰንፍ በሬ ይሸጣል፣ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል፣ ከልጆቹ አንዱ ትምህርቱን ያቋርጣል። ከማኅበሩ የወሰደው ብድርም ሳይከፈል ይቀራል። ጉዳዩ የጤና ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የኅብረት ሥራ ማኅበርም ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ነው።

ለመሆኑ ሳይታመም ለመመርመር የሄደ ሰው ምን ያጋጥመዋል?

መነሻው በቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ዋና ዓላማው መከላከል ስለሆነ፣ የትኛው ምርመራ በጤና ኬላ፣ የትኛው በጤና ጣቢያ፣ የትኛው ደግሞ በሆስፒታል እንደሚሠራ አስቀድሞ እሷን መጠየቅ የሁለት ሰዓት መንገድ ያድናል። የስኳር ምርመራ የሚደረግለት ሰው ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ መሄድ አለበት። ውኃ መጠጣት ይችላል፤ ስኳር ያለው ሻይና ቡና ግን ጾሙን ያፈርሰዋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዕሽጉን ይዞ ይሂድ፤ የባህል መድኃኒት የሚጠጣም ከሆነ ሳይደብቅ ይናገር። ለስኳር በሽታ መርፌ ወይም ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ባዶ ሆዱን ከመንገዱ በፊት ባለሙያ ሳያማክር መነሳት የለበትም።

ክፍሉ ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያ የሚጠብቀው ጥያቄ ነው። አባት ወይም እናት በምን ሞቱ? ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል? ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? አረቄ፣ ጫት፣ ሲጋራ? ምግብ የሚበስለው በምን ቤት ውስጥ ነው? ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ያፍራል ወይም ያሳንሳል፤ አምስት መለኪያ የሚጠጣው "አልፎ አልፎ" ይላል። ጠያቂዋ ፖሊስ አይደለችም፤ የሚሰጣት መልስ የትኛው ምርመራ እንደሚያስፈልግ የምትወስንበት ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ብቻውን የአክታ ምርመራ እንዲታዘዝ በቂ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የደም ግፊት ይለካል። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ይህ ነውና። ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ወዲያው ቢለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቢያንስ 5 ደቂቃ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያጣምር መቀመጥ አለበት። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና መጠጣትና ሲጋራ ማጨስ አይገባም። ሽንት የያዘው ሰው አስቀድሞ ይውጣ። ጨርቁ በሹራብ ወይም በጋቢ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰራል፤ ክንዱም በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ጎበዝ ነርስ "ጋሼ፣ ትንሽ ይረፉ፤ አሁን አይናገሩ" ትላለች፤ ይህን ያላለች ነርስ ካጋጠመች ታካሚው ራሱ ልረፍ ቢል ነውር የለውም። ሁለት ቁጥሮች ይነገራሉ። ከ120 በታች በ80 በታች ከሆነ መልካም ነው። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ቀን ተመልሶ መለካት ያስፈልጋል፤ በአንድ ቀን ልኬት ብቻ የዕድሜ ልክ መድኃኒት አይጀመርም። 180 በ120 ከደረሰና የደረት ሕመም፣ የዓይን መደብዘዝ ወይም የአካል መስነፍ አብሮ ካለ ግን ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ ያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት።

ክብደትና ቁመት ይመዘናል። በከተማ የሚነገረው ስለ ውፍረት ነው፤ በገበሬው ዘንድ ግን ክሳትም እኩል ሊጠየቅ ይገባል። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 50 ኪሎ ቢመዝን ከሚፈለገው በታች ነው። የሥራ ብዛት ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ከኋላው የሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ የአንጀት ጥገኛ ትል ወይም በቂ ምግብ አለማግኘት ሊኖር ይችላል።

ከዚያ በዓይንና በእጅ የሚደረግ ምርመራ ይከተላል። በትራኮማ ምክንያት ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሰው በወረንጦ እየነቀለ ዓመታት ያሳልፋል፤ ፀጉሩ ግን በየጊዜው ሲታሸው የዓይኑ ብሌን ይጠባሰሳል። በቀላል ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። አንገት ለእንቅርት፣ ሆድ ለጉበትና ለጣፊያ እብጠት ይዳሰሳል። ቡአ ያለበት ገበሬ ደብቆ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ኩንታል ሲያነሳ ያበጠው ወደ ውስጥ አልመለስ ያለ ቀን ግን ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ቢያፍርም ያሳይ። እግርም መታየት አለበት። በቀይ አፈር አገር በባዶ እግር ለዓመታት የሠራ ሰው በዝሆኔ የሚያዘው አፈሩ በቆዳው ውስጥ ገብቶ በሚያስከትለው ጉዳት ነው እንጂ በእርግማን አይደለም፤ ሲጀምር ከተደረሰበት እግርን በየቀኑ በመታጠብና ጫማ በማድረግ ይገታል። በመስኖ ውኃ ውስጥ ቆመው አትክልት የሚያለሙ አባላት ደግሞ ቢልሃርዚያ በሽንትና በዓይነ ምድር ምርመራ እንደሚገኝ ይወቁ። ይህን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድል ያገኙት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ አካባቢ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነበር የጀመሩት።

በላቦራቶሪ በኩል ከጣት ወይም ከክንድ ደም ይወሰዳል። ባዶ ሆድ የተለካ ስኳር ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀንም ከተደገመ ስኳር በሽታ ይባላል። የደም ማነስ፣ የሽንት ምርመራ፣ በፈቃደኝነትና በምስጢር የሚደረግ የኤች አይ ቪ ምርመራም አለ። የጉበት ቫይረስ ቢ ሊዘነጋ አይገባም። ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ አብዛኛው የዛሬ አባል ገበሬ በልጅነቱ አላገኘውም። የኩላሊትና የኮሌስትሮል ምርመራ በአብዛኛው በሆስፒታል ደረጃ የሚሠራ ሲሆን፣ ግፊት ወይም ስኳር ለተገኘበትና ዕድሜው ለገፋ ሰው ይጠቅማል።

በከተማ "ሙሉ ምርመራ" እየተባለ የሚሸጠው ጥቅል ሁሉ ጠቃሚ ነው ማለት አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የታይፎይድና የታይፈስ የደም ምርመራ ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ጀርሙን ራሱን አያሳይም፤ ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል ያመረተውን ያሳያል እንጂ። በሽታው ያለበት አካባቢ የሚኖር ጤነኛ ሰው ከዓመታት በፊት በነበረ ንክኪ ምክንያት "አለብህ" ሊባል ይችላል። ትኩሳት የሌለው፣ ምንም የማያመው ሰው ይህን ምርመራ ማድረጉ ትርፉ ያልተፈለገ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መግዛትና መድኃኒቱ በሚፈለግበት ቀን ጉልበት እንዲያጣ ማድረግ ነው። ያለ ምክንያት የሚነሳ አልትራሳውንድም እንዲሁ ገንዘብ ያስከፍላል፣ አንዳንዴም ከንቱ ጭንቀት ይዞ ይመጣል። "ይህ ምርመራ ምን ሊያገኝ ነው? ቢገኝስ ምን ይደረጋል?" ብሎ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

የሴቶች ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ እናቶች የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ሊደረግላቸው ይገባል። ባለሙያዋ የማኅፀኑን በር በቀጭን የአሴቲክ አሲድ ውሕድ፣ ማለትም ከኮምጣጤ ጋር በሚመሳሰል ፈሳሽ፣ ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ነጭ ሆኖ የሚታይ ቦታ ካለ ለውጥ መኖሩን ያመለክታል፤ መሣሪያው ባለበት ብዙውን ጊዜ ያኑ ዕለት ይታከማል። ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነው። ምቾት ባይኖረውም ቁስል አይተውም። ለልጃገረዶች ደግሞ ይህንኑ ካንሰር የሚከላከለው ክትባት በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መሰጠት ጀምሯል። ብዙ እናቶች የማይመረመሩት ፈርተው ሳይሆን ቤቱንና ከብቱን የሚይዝላቸው አጥተው ነው፤ ለዚህ መልስ መስጠት ያለባቸው ባሎቻቸው ናቸው።

ፀረ ተባይ የሚረጩ አባላት መርጫውን የሚሸከሙበትን ጊዜ፣ የኬሚካሉን ስምና ከርጭት በኋላ የሚሰማቸውን ሁሉ ለባለሙያው መንገር አለባቸው። ራስ ምታት፣ የምራቅና የላብ መብዛት፣ የዓይን መደብዘዝ ቀላል ድካም አይደሉም። እንደ ማላታዮን ያሉ ኬሚካሎች በደም ውስጥ ያለ ኮሊንኢስትሬዝ የሚባል ኢንዛይም ያዳክማሉ፤ ይህን የሚለካ ምርመራ አለ፤ ነገር ግን በአብዛኛው የገጠር ጤና ጣቢያ አይገኝም። በመሆኑም ለጊዜው ትልቁ መከላከያ ጓንትና ጭምብል፣ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ መርጨት፣ ባዶውን ጄሪካን ለውኃና ለዘይት አለመጠቀም ነው።

ውጤት ሲነገር ሁለት ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው "ምንም የለብህም" የተባለ ሰው ዳግመኛ አለመመለሱ ነው፤ ምርመራው የሚናገረው ስለዚያ ቀን ብቻ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። የግፊት መድኃኒት የጀመረ ሰው "ተሻለኝ" ብሎ ያቋርጣል። የተሻለው ግን መድኃኒቱን በመውሰዱ ነው። ቁጥሮቹ በወረቀት ተጽፈው፣ የቀጠሮው ቀን ተመዝግቦ፣ ወረቀቱ ከመሬት ደብተሩ ጋር ቢቀመጥ በሚቀጥለው ዓመት ማነጻጸሪያ ይሆናል።

ወጪውን በተመለከተ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አባላት ደብተራቸውን በየዓመቱ ማሳደስና ሳይታመሙ የሚደረግ ምርመራ በወረዳቸው የሚሸፈን መሆን አለመሆኑን አስቀድመው መጠየቅ አለባቸው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻም አለ። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት በ1995 እ.ኤ.አ. ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች የመጨረሻው ለማኅበረሰብ ተቆርቋሪነት ነው። ከትርፍ ላይ ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚውለውን ጠቅላላ ጉባኤው በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ይወስናል። ገንዘቡ የከተማ ክሊኒክ ጥቅል ከሚገዛበት ይልቅ ጤና ጣቢያው ለሚጎድለው የስኳር መለኪያ ወረቀት፣ ለደም ግፊት መለኪያና ለአቅመ ደካሞች መጓጓዣ ቢውል ብዙ አባል ያዳርሳል።

ጊዜው በጥርና በየካቲት፣ አውድማው ከተነሳ በኋላና የበልግ እርሻ ሳይገባ ቢሆን ይመረጣል። የገበያ ቀንና የበዓል ዋዜማ አይሁን። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የራሱ ቀን ቢኖረው ጤና ጣቢያው አይጨናነቅም፤ ባልና ሚስት በተለያየ ቀን ቢመደቡም ከብቱ ጠባቂ አያጣም። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የመመርመሪያ ዕቃው በበቂ መኖሩን ከቀኑ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ለየማኅበሩ ሊቀ መንበር ቢያሳውቅ፣ በጾም ሆዱ ሁለት ሰዓት ተጉዞ "ዛሬ የለም" የሚባል ገበሬ አይኖርም።