ድርቅ ያሳደደው ሰው ስደተኛ ይባላልን?



በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ በጎረቤታችን በጎፋ መሬቱ በተናደ ጊዜ የተፈናቀሉት የተጠጉት በገዛ አገራቸው ነው። የአየር ጠባይ ተለውጦ ውሃና ሣር ሲጠፋበት ድንበር የሚሻገረውስ? እ.ኤ.አ. የ1951 የጄኔቫ ስምምነት በዘሩ፥ በሃይማኖቱ ወይም በፖለቲካ አስተሳሰቡ የሚሳደደውን ይጠብቃል፤ ድርቅን ግን አያነሣም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ረኃብና ጦርነት ያባረሯቸው ሶማሌዎች ዶሎ አዶ ሲደርሱ አገራችን እያንዳንዱን «ማን አሳደደህ?» ሳትል በጅምላ ተቀብላቸዋለች። በዚህ እንኮራለን። ነገር ግን ያባረራቸው ድርቅ ብቻ ቢሆን ኖሮስ?

የኢጋድ የነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል 16ኛው አንቀጽ መልስ አለው፤ አደጋ የሚያሰጋው ሰው ገና ሳይደርስበት እንኳ ይሻገር፥ ሲደርስም ይመዝገብ ይላል። እኛ አባል አገሮች ሁሉ አጽድቀው በሥራ ያውሉት እንላለን፤ የቦረናው አርብቶ አደር ወደ ኬንያ የሚሻገረው ከብቱ ሳያልቅ ነውና።