ወላጅ ልጁን ለማን ይሰጣል



በቀድሞ ዘመን የቄስ ትምህርት ቤት በደጀ ሰላም ጥግ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ነበረና ወላጅ የሚመርጠው መምህሩን እንጂ ቤቱን አልነበረም። ሕፃኑ ፊደል ቈጥሮ፣ አቡጊዳ ዘልቆ፣ ዳዊት ሲደግም ለቤተ ሰቡ ታላቅ ደስታ ነበረ። ነገር ግን ከኦሮምኛ በቀር የማይሰማው የወለጋ ልጅ የደገመውን ቃል ትርጓሜውን አያውቀውም።

ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ያሰናዱት የኦሮምኛ ማንበቢያ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፣ በ1894 ዓ.ም. ታተመ፤ የኦሮምኛውም መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ወጣ፤ ሁለቱም በግዕዝ ፊደል ነበሩ። በ1904 ኦኔሲሞስ ነቀምቴ ገብቶ ትምህርት ቤት በከፈተ ጊዜ ሕፃናቱ በእናታቸው ቋንቋ ማንበብ ጀመሩ። ይህም ያለ ክርክር አልሆነም፤ በ1906 ተከሶ በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቧል።

ዛሬ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ አጸደ ሕፃናት አሉ። ብዙ ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው እንግሊዝኛ መቼ እንደሚጀመር፣ የደንብ ልብሱም እንዴት እንዳለ ነው። ይህ አይነቀፍም፤ ልጁ ከእርሱ እንዲበልጥ የማይመኝ አባት የለም። ዳሩ ግን የአራት ዓመት ሕፃን እናቱ ናፍቃው ሲያለቅስ መምህርቱ በምን ቋንቋ ታባብለዋለች? ውሃ ሲጠማውስ በምን ቋንቋ ይለምናል? አንዲት መምህርት ስንት ሕፃናት ትጠብቃለች? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ፊደል ያልቈጠረች እናት ግን አንዳንድ ጊዜ ምንም ሳትጠይቅ ከበሩ ትቆማለች፤ ሕፃናቱም ወደ ቤታቸው ሲወጡ ፊታቸውን አንድ በአንድ ትመለከታለች።