የጨጓራ ነቀርሳ ሥውር መንገድ

አቅራቢው፦ እኅቴ፣ ቀዶ ሐኪሙ ቢልሮት እ.ኤ.አ. በ1881 በቪየና በነቀርሳ የተያዘውን የጨጓራ ክፍል ቆርጦ ባወጣ ጊዜ፣ ሕመምተኛይቱ ከቀዶው ብትተርፍም፣ ደዌው በሥውር ተሰራጭቶ ኖሮ ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፈች፤ ታዲያ ነቀርሳው የሚሰራጭባቸውን ንፍፊቶች አብሮ ማውጣት ይበጃልን?

አቅራቢዋ፦ ይበጃል፣ ወንድሜ። የሆላንድ ሐኪሞች ሕሙማኑን 15 ዓመት ተከታትለው፣ ከጨጓራው አጠገብ ያሉት ብቻ ከወጡላቸው 48 ከመቶ፣ በደም ሥሮቹ ዙሪያ ያሉትም ጭምር ከወጡላቸው ግን 37 ከመቶ በነቀርሳው መሞታቸውን አረጋገጡ፤ ሆኖም በሰፊው ቀዶ ማግሥት የሞቱት፣ ልብ የሚያሳዝን ነው፣ በዝተው ነበር፤ ጣፊያና ቆሽት አብረው መቆረጣቸው አንዱ ምክንያት ነው።

አቅራቢው፦ የወጡት ንፍፊቶችስ ምን ይደረጋሉ?

አቅራቢዋ፦ እያንዳንዱ በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ጥቂት ሕዋሳት ግን ሊያመልጡ ስለሚችሉ ቢያንስ 16 ንፍፊት እንዲመረመር ይመከራል። አድማጮቻችን ሆይ፣ ስንት እንደ ተመረመረ ሐኪማችሁን ጠይቁ።