የዕጢ ዕጣ በአንዲት ፊደል

ዴስሞይድ በጡንቻና በጅማት አካባቢ የሚበቅል፣ እምብዛም የማያጋጥም ዕጢ ነው። ወደ ሌላ አካል አይዛመትም፤ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ግን ዳግም ሊያቆጠቁጥ ይችላል። በማይክሮስኮፕ የሚመሳሰሉ ሁለት ዕጢዎች ዕጣቸው ሊለያይ ይችላል፤ ፍንጩም ቤታ ካቴኒን የተባለውን ፕሮቲን በሚሠራው ጂን ላይ የምትገኝ የአንዲት የዲኤንኤ ፊደል ለውጥ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ "45 ኤፍ" የተባለው ለውጥ ካለባቸው ታካሚዎች እስከ 5 ዓመት ዕጢው ያልተመለሰባቸው 23 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ የጂን ለውጥ ከሌለባቸው ግን 65 በመቶ ነበሩ።

"ምርመራው ውድ ነው፤ ለዋግ ኽምራዋ ከተማ ለሰቆጣ ምን ይፈይዳል?" የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ በኋላ የወጡት ጥናቶችም ሁሉም እኩል አልተስማሙም። ሆኖም ብዙ ዴስሞይዶች በራሳቸው እድገታቸውን ስለሚገቱ፣ ዛሬ ሐኪሞች ከመቁረጥ በፊት መከታተልን ያስቀድማሉ። ፍንጩ የሚጠቅመው ማን በቅርብ መታየት እንዳለበት ለመለየት ነው። ለዚህ ደግሞ የዋግ ኽምራን ዳገትና ቁልቁለት መውጣትና መውረድ ያለበት ታካሚው ሳይሆን ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ነው። ቁራጩ ወዲያው አሥር እጥፉ በሆነ ፎርማሊን ከተነከረና በሰም ከተቀበረ፣ ከዓመታት በኋላም ዘረ መሉ ይነበባል። እናም ጥበቡ የሚጀምረው ከውድ ማሽን ሳይሆን በአግባቡ ከተሞላ ብልቃጥ ነው።