ከመቀመጣችን በፊት ኮርቻውን እንመልከት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ጥር 23 እየተቃረበ ነው። በእኛ በአዊ ምድር ግን ፈረስ የበዓል ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ገበያ ያደርሰናል፣ ከመኪና መንገድ ርቀን ለምንኖረው ደግሞ እግራችን ነው። ከመካከላችን ከማኅበሩ ተበድረው ፈረስ የገዙ አሉ። ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉ ዛሬ ስለ ኮርቻ ቢናገር አትገረሙ። ጀርባው የተገጠበ ፈረስ ለሳምንታት ይቆማል። ገቢው ይቀራል፣ ድርቆሹ ግን አይቀርም፤ የብድሩም ቀን ይደርሳል።

መከላከያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በመጀመሪያ ጀርባውንና ማሰሪያው የሚያርፍበትን ቦታ በእጃችን እንዳብስ። ጭቃ፣ እሾህ ወይም የደረቀ ላብ ካለ እናጽዳ። ስንነካው ከሸሸ ወይም ካበጠ በዚያ ቀን አይጫን። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው ጨርቅ ንጹሕና ያልተጨማደደ ይሁን። ወደ ፊት ገፋ አድርገን አስቀምጠን ወደ ኋላ እንሳበው፤ ጠጉሩ በአበቃቀሉ ይተኛል። ኮርቻው ከትከሻው አጥንት ኋላ ይረፍ። የጀርባ አጥንቱንም አይንካ፤ ከፊት ጎንበስ ብለን ስናይ በመካከል ክፍተት መኖር አለበት።

የሆድ ማሰሪያውን በአንድ ጊዜ አናጥብቀው። ብዙ ፈረሶች ሲታሰሩ ሆዳቸውን ይነፋሉ። ጥቂት አራምደን እንደገና እናጥብቅ፤ ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ይበቃል። ከላላ ኮርቻው ከነተቀማጩ ይዞራል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ቆዳ ይልጣል። የእርካቡን ጠፍር እንፈትሽ፤ የሳሳ ካለ ይቀየር፣ የሁለቱም ወገን ቁመት እኩል ይሁን።

ስንመለስም ኮርቻውን አውርደን ላቡን እንይ። ኮርቻው ያረፈበት ሁሉ ርሶ አንድ ቦታ ብቻ ደርቆ ከቀረ፣ እዚያ ላይ ኮርቻው አለልክ ተጭኖታል ማለት ነው። ቁስል ሳይሆን ለኮርቻ ሠሪው እናሳይ።

ለአንዱ ፈረስ የተሠራ ኮርቻ ለሌላው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከእንግዲህ ለፈረስ መግዣ ብድር ስንጠይቅ የኮርቻውን ዋጋ አብረን እናቅድ። ደጋፊዎቻችንም ይህን እንድታስቡልን እንጠይቃለን፤ ፈረሱ ተገዝቶ ኮርቻው በውሰት ከሆነ ሥራው ግማሽ ነው።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይባላል። የእኛ ደግሞ የተገላቢጦሽ እንዳይሆን፦ ጥፋቱ የኮርቻው ሆኖ ፈረሱን አንምታ። ሲራገጥ «አመለኛ ነው» ብለን ዱላ ከማንሳታችን በፊት ኮርቻውን እናንሳ።

በዓሉን በሰላም ያድርሰን።