በሁለት መስመሮች መካከል ያለ ስፋት

የሲራኩሱ ሊቅ አርኪሜዴስ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ3ኛው ምእት ዓመት ዶሲቴዎስ ለተባለ ሰው በላከው ድርሳን፣ ቀጥተኛ መስመር ከፓራቦላ ቈርጦ የሚለየው ስፋት፣ መሠረቱና ከፍታው ከእርሱ ጋር እኩል ከሆነው ሦስት ማዕዘን በሲሶ እንደሚበልጥ አስረግጦ አስረድቷል።

ይህንኑ ዛሬ በኢንቴግራል ለመመርመር የሚሻ ተማሪ፣ አስቀድሞ መስመሮቹ የሚገናኙባቸውን ነጥቦች ይፈልግ፤ ለምሳሌ የአንደኛው ቁመት ከአግድም ርቀቱ ጋር እኩል ቢሆን፣ የሁለተኛው ደግሞ ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ የሚገኝ ቢሆን፣ በ0 እና በ1 ላይ ይገናኛሉ። በዚህ መካከል ቀጥተኛው መስመር የበላይ ነውና፣ ከእርሱ ቁመት የኩርባውን ቁመት ቀንሶ፣ ልዩነቱን እጅግ በቀጠኑና ስፍር ቍጥር በሌላቸው ቋሚ ቍራጮች ከፍሎ ይደምራል፤ ከቀጥተኛው በታች ያለው ስፋት ግማሽ፣ ከኩርባው በታች ያለው ሲሶ ስለሆነ፣ የሚቀረው አንድ ስድስተኛ ነው። አርኪሜዴስ ያነሣው የውስጡ ሦስት ማዕዘን ስፋት አንድ ስምንተኛ ስለሆነ፣ የራሱ ሲሶ ቢጨመርበት ያው አንድ ስድስተኛ ይሆናል፤ በዘመን እጅግ የተራራቁ ሁለት ጥበባት እንዲህ በአንድ ቍጥር መስማማታቸው ዘወትር ያስደንቀኛል።

ነገር ግን መስመሮቹ በመካከል ቢተላለፉና የበላዩ የበታች ቢሆን፣ አንዱ ክፍል ሌላውን እንዳያጠፋው፣ በመገናኛው ነጥብ ላይ ከፍሎ እያንዳንዱን ለብቻው ማስላት ግድ ነው።